በሕፃናት ሆስፒታል የቤተሰብ እርካታ መለኪያ ምንድን ነው?

ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። አልጋው አጠገብ እናት አለች፣ አባት አለ፣ አንዳንዴም አክስት ወይም አያት። አስታማሚ የምንላቸው። ሌሊት ትኩሳቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጁ የትኛውን ሽሮፕ እንደሚተፋም ያውቃሉ። የሁለት ዓመት ልጅ «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ተብሎ ስለማይጠየቅ፣ የሕፃናት ሆስፒታሎች እርካታን ሲለኩ በአብዛኛው የሚጠይቁት ወላጅን ነው።

ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ግን ቀላል አይደለም።

«በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ማለት ለጠያቂው ይመቻል፤ መልሱ ግን ብዙም አይረባም። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል እንበል። የልጁ እጅ ላይ ገና ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ አለ። እናቱ ምን ትላለች? «ተመስገን ነው፣ እግዜር ይስጥልን።» ይሉኝታ አለ። ነገ መርፌ የሚወጋልኝ ይኸው ሰው ነው የሚል ስጋትም አለ። ልጁ ከዳነ ደግሞ የተቆጣችው ነርስም፣ ወንበር ላይ የታደረው ሌሊትም ይረሳል። እንዲህ ተጠይቆ «ሁሉም ማለት ይቻላል ረክቷል» የሚል ሪፖርት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ያምራል። ምን ይስተካከል ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። አሁን በብዛት የሚጠየቀው ስሜት ሳይሆን የሆነው ነገር ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካ ውስጥ ቻይልድ ኤችካፕስ የሚባለው መጠይቅ ነው። የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። 62 ጥያቄዎች አሉት። ተኝተው የታከሙ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወላጆች የሚሞሉት ሲሆን፣ የሚደርሳቸውም ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ጥያቄዎቹ ጠጋ ብለው የሚጠይቁ ናቸው። መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት የልጁን ማንነት ያረጋግጡ ነበር? ልጁ ሲፈራ ምን እንደሚያረጋጋው እናንተን ጠይቀዋል? የጥሪ ደወሉን ስትጫኑ ቶሎ ይመጣሉ? ሌሊት ክፍሉ ጸጥ ይላል? ስህተት ብታዩ ለማን እንደምትናገሩ ነግረዋችኋል?

ብዙዎቹ ጥያቄዎች አራት አማራጭ አላቸው፤ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ለሆስፒታሉ የሚቆጠርለት «ሁልጊዜ» ሲባል ብቻ ነው። «ብዙ ጊዜ» ዜሮ ነው። ጨከን ያለ ይመስላል፤ እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ስሙን ሳያጣራ ለልጄ መድኃኒት የሰጠ ሰው «ብዙ ጊዜማ አጣራለሁ» ቢለኝ አልጽናናም።

ይህ መለኪያ ወደ ሥራ ሲገባ ምን ታየ? በ34 የአሜሪካ ግዛቶች የሚገኙ 69 ሆስፒታሎችን ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ነበር። ዝቅተኛ ነጥብ ከመጣባቸው ጉዳዮች አንዱ ስህተትን መከላከልና ወላጅ ስጋቱን የሚናገርበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ እርካታ ሲነሳ የግድግዳ ቀለም፣ ምግብ፣ ቴሌቪዥን ይታሰባል። ለወላጅ የጎደለው ግን ሌላ ነው፤ የሚሰማው ሰው።

ይህን ለመቀየር ከተሞከሩት ውስጥ በደንብ የተጠናው የራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ታካሚ የሚያዩበት ሰዓት፣ ለውጥ ነው። በሰሜን አሜሪካ በ7 ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል ውስጥ ሐኪሞች ጠዋት ሲዞሩ ቤተሰቡ እንዲገኝና እንዲናገር ተደረገ። ነርስም አብራ ትቆማለች። ንግግሩ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ነው። በመጨረሻ ወላጅ የተረዳውን በራሱ አባባል ይደግማል፤ የዕለቱ ዕቅድም በጽሑፍ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በልጆች ላይ ጉዳት ያደረሱ ስህተቶች በ38 ከመቶ ገደማ ቀነሱ። ጠቅላላው የስህተት ብዛት ግን አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚጎዳው ነው። ቤተሰቡ ስለ ሕክምናው የሰጠው ግምገማም በአንዳንድ ጉዳዮች ተሻሻለ። ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

እኛ ዘንድ ብዙ ቦታ ያለው የዚህ ተቃራኒ ነው። ራውንድ ሲደርስ «አስታማሚዎች ውጡ!» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችው እናት፣ ለሐኪሙ የምትነግረው ብዙ ነገር እያላት፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ታካሚው ብዙ ነው፤ ይገባኛል። ግን ለአንድ አልጋ አንድ አስታማሚ፣ ያውም ለደቂቃዎች፣ ያን ያህል ቦታ አይፈጅም። ጤና ጥበቃ ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የለውጥ ዕቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል። የታካሚ እርካታም ሆስፒታሎች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ ነው። ታዲያ አክባሪነት ይለካ ከተባለ፣ «ትናንት ራውንድ ላይ ነበሩ? ሐኪሙ ምን አሉዎት?» ብሎ መጠየቅ ከ«ረክተዋል?» ብዙ እጥፍ ይሻላል። ጠያቂው ደግሞ ከዚያው ክፍል ሠራተኛ ባይሆን፤ ጊዜውም ልጁ ከወጣ በኋላ ቢሆን።

ልጁ ራሱስ? ሕመሙን ለመናገር ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ስድስት ፊቶች የተሳሉበት ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። የሚለካው ሕመምን እንጂ እርካታን አይደለም። ቢሆንም ትንሽ ልጅ በሚገባው መንገድ ከተጠየቀ እንደሚመልስ ያሳያል። አሥራ ሦስት ዓመት ያለፈውንማ ወላጁ ፊት ብቻ ሳይሆን ለብቻውም ማነጋገር ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች አንድ ነገር። የቻይልድ ኤችካፕስ መጠይቅ በይፋ የወጣው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ቅጹ በፖስታ ቢመጣላችሁና ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ ቅጹን ሳትጥሉት ወደ ሆስፒታሉ ደውላችሁ እርዳታ ጠይቁ። ልጁ ተኝቶ እያለ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓቸው፤ ሕጉም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሆስፒታሉ ሕፃን ልጅን እንዲያስተረጉም አይፈቅድም።