የማረጋገጫ ተኩስ ምንድን ነው?

የማረጋገጫ ተኩስ ማለት አንድ ጠመንጃ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት፣ በዘወትር አገልግሎቱ ከሚገጥመው ግፊት በላይ የሚፈጥር ባሩድና አረር ጎርሶ ሰው በማይጠጋበት ክፍል እንዲተኮስ፣ ከዚያም እንዲመረመር የሚደረግበት ፈተና ነው። በራሱ ወርክሾፕ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ (ጭስ በሚያበዛው በጥንቱ ባሩድ የሚተኮስ) ነድፎ የሠራ ሰው «ይህን አምርቼ ብሸጥ ያዋጣኛል?» ብሎ ሲያስብ ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው የብረቱን፣ የእንጨቱንና የጉልበቱን ወጪ ነው። ከሁሉ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ ግን ጠመንጃው ይህን ፈተና ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ነው።

ሥርዓቱ የቆየ ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጠመንጃ የመፈተን ሥልጣን የሚሰጥ የንጉሥ ቻርተር አገኘ፤ የበርሚንግሃም ማረጋገጫ ቤት፣ ማለትም ፈተናው የሚካሄድበት ተቋም፣ ደግሞ በ1813 በፓርላማ አዋጅ ተቋቋመ። ያለፈው ጠመንጃ ቧንቧው ላይ ዘውድ ያለበት ትንሽ ማኅተም ይመታበታል፤ በብሪታንያ በ1868ቱ ሕግ መሠረት ያልተረጋገጠ መሣሪያ መሸጥ ወንጀል ነው። መርማሪው የቧንቧውን ውስጣዊ ስፋት ከተኩሱ በፊትና በኋላ ይለካል፤ በጣት ሲዳሰስ የማይታወቅ እብጠት፣ በብርሃን ካልተፈተሸ የማይታይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ በእሳት ማቀበያው ቀዳዳ ዙሪያ የታየ መፍታታት፣ ማናቸውም ቢሆኑ ጠመንጃውን ይጥላሉ።

ሠሪው ራሱ መቶ ጊዜ ተኩሶ ምንም ያልደረሰበት ጠመንጃ ለምን ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል? ሠሪው መሣሪያውን ያውቀዋልና ነው። ምን ያህል ባሩድ እንደሚሸከም፣ አረሩ እስከ ምን ድረስ መገፋት እንዳለበት ከልምዱ ያውቃል። ገዢው ግን ባሩድ መጨመሩን ረስቶ ደግሞ ይጨምራል፤ አረሩን ባሩዱ ላይ ሳያሳርፍ ቧንቧው መሐል ይተወዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድን (ግፊቱ እጅግ የሚበልጠውን የዘመናዊ ጥይት ባሩድ) ከጥቁሩ ጋር አንድ መስሎት ይጠቀማል፤ ይህም በጥቁር ባሩድ መጠን የተሠራን ቧንቧ ሊያፈነዳ ይችላል። የማረጋገጫ ተኩስ ይህን የመጨረሻውን ስሕተት አይከላከልም፤ ለመጠነኛው ስሕተት ግን ብረቱ ትርፍ አቅም እንዳለው ያሳያል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ በእኔ ግምት ዋናው፣ አንድ ጠመንጃ ማለፉ ስለ ሃምሳኛው ምንም አለመናገሩ ነው። ብረቱ ከሌላ ክምችት ሊገዛ፣ መሰርሰሪያው ሊደነዝዝ፣ ሠራተኛው ሊቀየር ይችላል። በ1914 በተመሠረተው የማረጋገጫ ዓለም አቀፍ ቋሚ ኮሚሽን አባል አገሮች ለሽያጭ የሚቀርበው እያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈተነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንዱ አባል ማኅተምም በሌሎቹ ዘንድ ይታወቃል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ በ1926 የተቋቋመው የጠመንጃና ጥይት አምራቾች ተቋም የሚያወጣው መስፈርት በፈቃደኝነት የሚከተሉት ነው። የ1968ቱ የፌዴራል ሕግም በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተሠራና ቀለህ ያለው ጥይት የማይቀበል ጠመንጃን ከጦር መሣሪያ ትርጉም ያወጣዋል፤ የክልሎች ሕግ ግን ይለያያል። ይህ ነፃነት አምራቹን ከጉዳት ካሳ ክስ አያድነውም፤ እንዲያውም የመንግሥት ማኅተም ሳይኖረው ፍርድ ቤት ሲቆም የራሱ የፈተና መዝገብ ብቻ ነው መከላከያው።

ፈተናውን ያለፈ ንድፍም ቢሆን ገበያው ጠባብ ነው። በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ አካባቢ ያሉ አምራቾች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጥንት ጠመንጃ ቅጂዎችን በብዛት ሲያቀርቡ ቆይተዋል፤ የአገሪቱ ማረጋገጫ ቤትም እዚያው ነው። በዋጋ እነሱን መወዳደር ለአንድ ሰው ወርክሾፕ ከባድ ነው። በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች የዓለም አቀፍ ተኩስ ውድድር ደንብም የሚቀበለው የጥንቱን ጠመንጃ ወይም ለጥንቱ የታመነ ቅጂ ስለሆነ፣ ፍጹም አዲስ ንድፍ ለውድድር ከሚገዙ ሰዎች ዘንድ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለማሽን ሳይሆን፣ በተለያየ ጊዜ ከተገዛ ብረት የተሠሩ ጥቂት ቧንቧዎችን ለማስፈተንና ከተኩሱ በኋላ በቁመታቸው አስሰንጥቆ ውስጣቸውን ለማየት ቢውል ይሻላል።