የቴክኖሎጂ ቲፎዞዎች፦ ሰው ለስልኩ ለምን ይጣላል?

ኦገስት 1997፣ ቦስተን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) አዳራሹ የአፕል ኮምፒውተር በሆነው በማኪንቶሽ ወዳጆች ጢም ብሏል። ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ቆሞ ተቀናቃኙ ማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር አፕል ላይ እንደሚያፈስ ተናገረ። ከዚያ የማይክሮሶፍቱ የቢል ጌትስ ፊት ከጆብስ ራስ በላይ፣ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ታዳሚው በተቃውሞ ጮኸ።

ነገሩ ይገርማል። አፕል በዚያ የበጀት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። ጆብስ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ኩባንያው ሊዘጋ የቀረው 90 ቀን ያህል ነበር። የመጣው ነፍስ የሚዘራ ገንዘብ ነው። የሚጮሁት ደግሞ አፕልን ከማንም በላይ እንወዳለን የሚሉት ናቸው። ከጠላት እጅ ከሚጎርስ ጦሙን ይደር ያሉ ይመስላል። ጆብስ፣ አፕል እንዲያሸንፍ የግድ ማይክሮሶፍት መሸነፍ አለበት የሚለውን ሐሳብ ተዉት ብሎ ሊያረጋጋቸው ሞከረ።

ለእንዲህ ያለ ሰው በአማርኛ ልክክ የሚል ቃል አለን፤ ቲፎዞ። ከጣልያንኛ መጥቶ ስታዲየም ውስጥ ያደገ ቃል ነው። ቲፎዞ እና ደንበኛ ይለያያሉ። ደንበኛ ዕቃው ሲያስቸግረው ወይም ሲወደድበት ሌላ ይገዛል። ቲፎዞ ግን ስልኩ ሲበላሽ «አያያዝህ ነው» ይልሃል። ክለቡ 5 ለ 0 ቢሸነፍም ማሊያውን አያወልቅም።

ብዙ ሰው ፍቅሩ ከግዢው በፊት የተጀመረ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ነው። በ1956 ጃክ ብሬም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሴቶች እንደ ዳቦ መጥበሻና ሬዲዮ ያሉ የቤት ዕቃዎችን አቀረበ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። ቀጥሎ ከሁለት አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ። እንደገና ነጥብ ስጡ ሲባሉ የወሰዱትን ከፍ፣ የተዉትን ዝቅ አደረጉ። ዕቃዎቹ እንደነበሩ ናቸው። በዓመቱ ሊዮን ፌስቲንገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ አሳተመ፤ ሰው እርስ በርስ የሚጋጩ ሐሳቦችን አብሮ ተሸክሞ መኖር ይከብደዋል። «ብልህ ነኝ» እና «ተሸወድኩ» አንድ ቤት አያድሩም። አንዱ መውጣት አለበት። ማን እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም።

ሌላ ሙከራ ልጨምር። ዳንኤል ካህነማን እና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት ነው። ከተማሪዎች መካከል ከፊሎቹ አንዳንድ ኩባያ ተሰጣቸው። ከዚያ እነሱ ሻጭ፣ ሌሎቹ ገዢ ሆኑ። ሻጮቹ 7 ዶላር ገደማ ካልሆነ አንሸጥም አሉ፤ ገዢዎቹ ከ3 ዶላር ብዙም አላለፉም። ኩባያው በሻጮቹ እጅ ከገባ ገና ብዙም አልቆየም። ተረታችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በእጅ የያዙት መዳብ ወርቅ ሆኖ አረፈው።

ኩባያ እንዲህ ካደረገ ስልክ ምን ያድርግ? ብዙ ብር ወጥቶበታል፣ ከመገዛቱ በፊት ስንት ቪዲዮ ታይቶለታል፣ ትራስ ስር ያድራል። እኔም ባትሪው ከቀትር የማያልፍ ስልክ ይዤ፣ ሶኬት አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ገመዱ ከእጄ ሳይነቀል «ካሜራውን ግን ማንም አይደርስበትም!» እያልኩ ተከራክሬ አውቃለሁ። የስልኩን ስም አልጠራም። ካሜራውም ያን ያህል አልነበረም።

ይህ የግለሰቡ ድርሻ ነው። ጠብ ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ወገን መፍጠር ደግሞ ከምናስበው በላይ ቀላል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ ታጅፌል ብሪስቶል ውስጥ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ሰብስቦ የሁለት ሠዓሊዎችን፣ የክሌን እና የካንዲንስኪን ሥዕሎች አሳያቸው። ከዚያ አንተ የክሌ ወገን ነህ፣ አንተ የካንዲንስኪ ተባሉ። ምደባው በዘፈቀደ ነበር። ከማን ጋር እንደተመደቡ እንኳ አያውቁም። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለራሳቸው ወገን አደሉ። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው፤ የገዛ ወገናቸው የሚያገኘው ቢያንስም እንኳ ከሌላው ጋር ያለው ልዩነት እንዲሰፋ የመረጡ ብዙ ነበሩ። የቦስተኑ ጩኸት የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ስልክ ደግሞ ከሥዕል ይልቅ ወገንን ያሳብቃል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በመስታወት ፊት ፎቶ ሲነሱ አርማው ይታያል። አፕል በ2011 አይሜሴጅ የተባለውን የራሱን የመልእክት መላኪያ ሲያወጣ በአይፎን መካከል የሚላክ መልእክት ሰማያዊ ሆነ፤ ተራው የጽሑፍ መልእክት አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በተለይ አሜሪካ ውስጥ በወጣቶች ዘንድ አረንጓዴዋ መሳለቂያ እስከመሆን ደረሰች። ቀለም ብቻ፣ ግን ማሊያም ቀለም ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ሁሉ ቆመው አያዩም፤ እሳቱን ያራግባሉ። በጃንዋሪ 1984 የተላለፈው የማኪንቶሽ ማስታወቂያ ኮምፒውተሩን ጨርሶ አላሳየም። አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ መዶሻዋን የጨቋኙ ፊት በሚታይበት ግዙፍ ስክሪን ላይ ወረወረች። ጨቋኙ የያኔው ግዙፍ ኮምፒውተር አምራች አይቢኤም መሆኑን ሁሉም ገባው። ዕቃ ከመሸጥ በፊት ጠላት ተሸጠ ማለት ነው። አፕል ጋይ ካዋሳኪን የመሰሉ ሠራተኞችን በይፋ «ወንጌላዊ» የሚል የሥራ መጠሪያ ሰጥቶ ያሰማራም ነበር። ቻይናዊው ሻውሚ ሌላ መንገድ መረጠ፤ በ2010 ሶፍትዌሩን ቀድመው የሞከሩለትን 100 ሰዎች ስም ስልኩ ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ ጻፈላቸው። ስሙ የተጻፈለት ሰው ዕቃው ሲሰደብ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

አንዳንዱ ታማኝነት ግን በፍቅር ስም የሚጠራ አጥር ነው። ካሜራ የያዘ ይህን ያውቃል። የኒኮን ሌንስ የኒኮን ካሜራ ላይ ይገጥማል፤ ቦርሳው በሌንስ ከሞላ በኋላ ወደ ካኖን መሄድ ማለት ሁሉንም ጥሎ መሄድ ነው። ካኖን በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ሲቀይር አሮጌዎቹ ሌንሶች በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ አልገጥም አሉ፤ ለዓመታት ሌንስ ያጠራቀሙ የገዛ ደንበኞቹ ተበሳጩ። የአፕል ሰዎችም አጥሩን በደንብ ያውቁታል። በፍርድ ቤት ክርክር በወጣ የ2013 ኢሜይል አንድ ከፍተኛ ኃላፊ፣ አይሜሴጅ አንድሮይድ ላይ ቢሠራ አይፎን የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የያዛቸው እንቅፋት ይነሳል ሲል ጽፏል።

ነገሩ የዕቃው ጥራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚከተለው ታሪክ ብዙ ሰው ባስኮረፈ ነበር። በ1998 አፕል፣ የተቀናቃኞቹን ኮምፒውተሮች የሚያንቀሳቅሰውን የኢንቴልን ፔንቲየም 2 ቺፕ ቀንድ አውጣ ጀርባ ላይ ጭኖ በማስታወቂያ አላገጠ። ቲፎዞው ለዓመታት በዚህ ተከራከረ፤ የኢንቴል ቁጥር ማታለያ ነው፣ የኛው ቺፕ ይበልጣል አለ። በጁን 2005 ጆብስ መድረክ ላይ ወጥቶ ማክ (ማኪንቶሽ) ወደ ኢንቴል ቺፕ እንደሚዞር ተናገረ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ብዙው ግን ብዙም ሳይቆይ የኢንቴልን ፍጥነት ማወደስ ጀመረ። በ2020 አፕል ኢንቴልን ትቶ የራሱን ቺፕ ሲያወጣም ክርክሩ እንደገና ዞረ። ማዶ ያሉትም አይሻሉም። ሳምሰንግ አይፎን የኢርፎን ቀዳዳ የለውም እያለ በ2018 ቀለደ። በ2019 ጋላክሲ ኖት 10 ያለ ቀዳዳው ወጣ፤ ማስታወቂያዎቹም ድምፃቸውን አጥፍተው ተነሱ።

ኩባንያው ሲተወው እንኳ የማይተው አለ። አፕል ኒውተን የተባለውን የእጅ ኮምፒውተር በ1993 አውጥቶ በ1998 አቆመው። አልበርት ሙኒዝ እና ሆፕ ሻው የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ስለ ተጠቃሚዎቹ ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ሰዎቹ በራሳቸው ይጠግኑታል፣ ሶፍትዌር ይጽፉለታል፣ ከሞት ስለተነሣ ኒውተን ተአምር ያወራሉ። ጌም ውስጥም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ ልጆች በጌም ማጫወቻ አምራቾቹ በሴጋ እና በኒንቴንዶ ተቧድነው ይጨቃጨቁ ነበር። ሴጋ በ2001 ድሪምካስት የተባለውን ማጫወቻውን አቁሞ ከማጫወቻ ሥራ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅም የሴጋው የጌም ገጸ ባሕርይ ሶኒክ በኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ መሮጥ ጀመረ። ለድሪምካስት ግን ዛሬም አዲስ ጌም የሚሠሩ ሰዎች አሉ።