ስኪን ምንድን ነው? ወይም ለሣጥን ሰው ጋቢ ማልበስ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «አጎቴ፣ ጥለቱ ተቆረጠብኝ» አለኝ። ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ተከፍቷል፤ መሀል ላይ የቆመው ሰው ጋቢ ለብሷል። ከፊት ሲያዩት ሸጋ ነው። ልጁ በማውሱ ሲያዞረው ግን ደረቱ ላይ ቀጥ ብሎ የመጣው ቀይ ጥለት ጎኑ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል፤ ጀርባው ላይ ጭራሽ የለም።

ስኪን የሚባለው ይኸው ነው፤ የጌሙ ሰው ገላ ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ሥዕል። የሰውየው ቅርጽ፣ ማለትም ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ እጁ የሚወዛወዝበት ቦታ፣ ሞዴል የሚባል ሌላ ነገር ነው፤ ስኪን እሱን አይነካም። ስለዚህ ስኪን የቀየረ ተጫዋች ፍጥነት አይጨምርም፣ ጉልበትም አያገኝም። ቃሉ በቀጥታ ቢተረጎም «ቆዳ» ነው፤ ግን ጌም ቤት ተቀምጦ «ቆዳዬን ቀየርኩ» የሚል ልጅ ሰምቼ አላውቅም፤ ያ የእባብ ሥራ ነው። «ልብስ» እንዳንለው ደግሞ ፊቱም፣ ፀጉሩም፣ ጫማውም እዚያው ሥዕል ውስጥ ነው ያለው። ስኪን ብለን እንቀጥል።

ባሕር ዳር ለኖረ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በጀልባ ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ክብ ነው፤ ውስጡ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። እየዞራችሁ የምታዩዋቸው ሥዕሎች ያሉት በዚህ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። እንዲህ ባሉ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ይሣልና ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጨርቁ ጠፍጣፋ ነው፣ ቤቱ ግን ጎንና ማዕዘን አለው። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲዞር ማዕዘኑ ላይ ምን እንደሚሆን ሠዓሊው ቀድሞ ማሰብ አለበት። የስኪን ጣጣም ያለው እዚያው ማዕዘኑ ላይ ነው።

የማይንክራፍት ሰው ስድስት ሣጥን ነው፤ ጭንቅላት፣ ገላ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ጭንቅላቱ በየአቅጣጫው 8 ፒክስል ነው፤ ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ባለ አንድ ቀለም ካሬ ናት። ገላው ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 12፣ ውፍረቱ 4 ነው፤ እጅና እግሩም ቁመታቸው 12 ሆኖ ውፍረታቸው 4 በ4 ነው። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ 32 ፒክስል መሆኑ ነው። እነዚህ ሣጥኖች እንደ ካርቶን ተፈተው 64 በ64 በሆነ አንድ ምስል ላይ ይዘረጋሉ። እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ ምስሉ 64 በ32 ነበር፤ ስለጠበበ ግራ እጅና ግራ እግር የቀኙ ግልባጭ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቢሆን ጋቢን በአንድ ትከሻ ማጣፋት አይታሰብም።

የትኛው የምስሉ ቁራጭ በየትኛው የሣጥኑ ፊት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው አሠራር ዩቪ ይባላል። ፊደላቱ የምንም ቃል ምኅጻር አይደሉም፤ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ለጌሙ ዓለም ሦስት አቅጣጫዎች ስለተያዙ፣ ለጠፍጣፋው ምስል ዩ እና ቪ ቀሩለት። ሣጥን ባልሆነ ሰው ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጌም ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሰዎቹን መለወጥ የፈለገ ሁለት ዓይነት ፋይል ይነካል፤ ቅርጹን የያዘውን ዲኤፍኤፍ እና ሥዕሉን የያዘውን ቲኤክስዲ። ቲኤክስዲውን ሲከፍቱት የሰውየው ፊትና ልብስ እንደ ተገፈፈ የፍየል ሌጦ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። እዚህ ላይስ «ቆዳ» የሚለው ትርጉም ያስኬዳል።

ወደ ጋቢው እንመለስ። የገላው ሣጥን ሲፈታ ቀኝ ጎን 4፣ ፊት 8፣ ግራ ጎን 4፣ ጀርባ 8 ሆኖ ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ ድምሩ 24 ፒክስል ነው። ጥለቱን ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ከጀመሩ 24ቱንም በዚያው መስመር መጨረስ ነው፤ ሣጥኑ ሲታጠፍ የመጨረሻው ፒክስል ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። ልጁ ደረቱን ስሎ ጎኑን በግምት ነበር የሞላው። እጆቹ ግን ምስሉ ላይ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ግራ እጅ እንዲያውም ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል። እዚያ ዓይን አይረዳም፣ መቁጠር ነው። የእጁም የገላውም ቁመት 12 ስለሆነና እኩል ስለሚጀምሩ፣ ገላው ላይ ሦስተኛ የሆነው መስመር እጁም ላይ ሦስተኛ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳት የትከሻዋን አናት፣ ያቺን 4 በ4 ካሬ ነው። ካልነኳት ከጋቢው መሀል የድሮው ሰማያዊ ካናቴራ ብቅ ይላል። ደግሞም ግራና ቀኙ የሰውየው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ቀኝ እጁ ከፊት ስታዩት በግራችሁ ነው። ይህን እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ከሁሉ የሚጠቅመው ሁለተኛው ሽፋን ነው። እያንዳንዱ ሣጥን በላዩ ትንሽ ሰፋ ያለ ሌላ ሣጥን አለው። የታችኛው ባዶ ሊሆን አይችልም፤ የላይኛው ግን ያልተቀባበት ቦታ ሁሉ አሳልፎ ያሳያል። ስለዚህ ገላውንና ሸሚዙን ከታች፣ ጋቢውን ከላይ ማድረግ ነው፤ ያኔ ጋቢው በእርግጥም የተደረበ ይመስላል። ጫፉ ላይ አንዱን ፒክስል ቀብቶ አንዱን እየዘለሉ ቢሄዱ ዘርፍ ይሆናል። ጋቢው ከወገብ በታች እንዲወርድ የፈለገ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ከዚያ በታች ያለው የእግሮቹ ሥዕል ስለሆነ ሰውየው ሲራመድ ጋቢው እንደ ሱሪ ለሁለት ይከፈላል። እኛ ወገቡ ላይ አቆምነው። ቀለሙንም ድፍን ነጭ አታድርጉት፤ እጥፋቱ ይጠፋና በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ይመስላል። ሦስት ዓይነት ነጭ፣ አንዱ ወደ ክሬም፣ አንዱ ወደ ግራጫ ያደላ፣ ይበቃል።

ፊቱ 8 በ8 ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለአንድ ዓይን አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ልጁ «ቅዱስ ጊዮርጊስን ላርገው?» ብሎ ነበር፤ እናቱ ከጓዳ ሆና «እስቲ ሞክራት!» ስትለው ተወው። ልክ ናት፤ እዚያ ጌም ውስጥ ዞምቢ ይደበድበዋል።

መሣሪያው ከባድ አይደለም። ጊምፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ብሩሹን ትታችሁ ፔንሲሉን ተጠቀሙ፣ ብሩሹ ጠርዙን ያደበዝዛል። ብሎክቤንች ደግሞ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፤ እየሣላችሁ ሰውየውን ማዞር ትችላላችሁ። የድሮው የዊንዶውስ ፔይንት ባዶውን ቦታ በቀለም ስለሚሞላው የላይኛውን ሽፋን ያበላሻል። ስታስቀምጡት የፋይሉ ዓይነት ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ከሆነ ፒክስሎቹ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ፋይሉ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይላካል።

ስኪን ሲባል ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ፎርትናይት ባሉ ጌሞች በገንዘብ የሚገዛው ነው። እሱ ላይ መምረጥ እንጂ መሥራት የለም፤ እኔ ብዙም አይጥመኝም። በማይንክራፍት የኮምፒውተሩ ጃቫ ቅጂ ግን የራሳችሁን ምስል አካውንታችሁ ላይ ትጭናላችሁ። ሲጭኑ እጁ ባለ 4 ነው ባለ 3 ተብሎ ይጠየቃል፤ ጌሙ ራሱ ከሚሰጣቸው ሰዎች ባለ 4 የስቲቭ፣ ባለ 3 የአሌክስ ነው። ከተሳሳቱ እጁ ላይ የማይገጥም መስመር ይቀራል። ስኪኑ ከአካውንቱ ጋር ስለሚሄድ አብረዋችሁ የሚጫወቱም ያዩታል፤ ያለ አካውንት በተጫነ ቅጂ ለሚጫወት ግን ሌሎች የሚያዩት የተለመደውን መልክ ነው።

ጥለቱ ገጥሞ ሰውየው ዙሪያውን ከተዞረ በኋላ ልጁ ወዲያው «ታንኳውንስ?» አለ። ጣና ላይ እንደሚታየው የደንገል ታንኳ ነበር ያማረው። ታንኳ ስኪን የለውም፤ የዕቃዎችን ሥዕል የሚቀይረው ሪሶርስ ፓክ የሚባለው ነው። እንጨቱን ደንገል ማስመሰል ይቻላል፤ ቅርጹ ግን ያው ጀልባ ነው፤ ፓኩም ያለው እሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ጋቢውን ያዩታል፤ የተቀመጠበት ግን ለእነሱ የእንጨት ጀልባ ነው።