የኢንተርኔት ገለልተኝነት፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

የኢንተርኔት ገለልተኝነት የመስመሩ ባለቤት የሚያልፈውን ሳያማርጥ ያሳልፍ የሚል መርህ ነው። ዜናም ይሁን ቪዲዮ፣ የመንግሥትም ይሁን የተቃዋሚ ገጽ በአንድ ዓይን ይታይ፤ አንዱ እየፈጠነ ሌላው እየተንቀራፈፈ፣ አንዱ በነፃ ሌላው በክፍያ አይሁን ነው ነገሩ። ስያሜውን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ቲም ዉ ነው። ሐሳቡ ግን ከኢንተርኔት ይልቅ በባቡር ይገባል፤ ድሬዎች ደግሞ ባቡርን ማንም አያስተምረንም።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ሌላ መንገድ በሌለበት፣ የአንዱን ነጋዴ ቡና ጭኖ የሌላውን ጣቢያ ላይ የሚያሳድር ባቡር ማን እንደሚከብር እሱ ይወስናል። አሜሪካ በ1887 በባቡር ኩባንያዎቿ ላይ ያወጣችው ሕግ እንዲህ ያለውን አድልዎ ለመከልከል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኢንተርኔት አቅራቢዎችንም በዚሁ ሚዛን አስቀመጣቸው፤ ውሳኔው በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤት ጣለው። ቺሊ ግን ገና በ2010 በሕግ ደንግጋለች። ሕንድ በ2016 እንደ ይዘቱ የተለያየ የዳታ ዋጋ ማስከፈልን ስትከለክል፣ ፌስቡክ «በነፃ» ያቀረበውም አገልግሎት አብሮ ቀረ።

እኛ ጋ ጥያቄው የሚነሳው በዳታ ጥቅል (ፓኬጅ) በኩል ነው። በከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ወጣት የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ገዝቷል እንበል። ጓደኛው የዜና ሊንክ ይልክለታል፤ ሲነካው ገጹ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። «አቦ፣ ጥቅሌ ለቴሌግራም ብቻ ነው» ብሎ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ለሌላ ያስተላልፋል። ጥቅሉ ርካሽ ነው፤ ኪሱ ለሳሳ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ወሬው በርካሽ፣ ማጣሪያው በውድ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በምርጫ ሰሞን ያስፈራል።

ውድድር መጥቷል። ከሐረር አዲስ አበባ በተዘረጋው የ1894 እ.ኤ.አ. የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የሚጀምረው የአገራችን ቴሌኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሲያገኝ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሙከራውን የጀመረው ድሬዳዋ ነው። ሁለት ሲም መያዝ ዋጋ ለማወዳደር ይበጃል። ሁለቱም ኩባንያዎች ኢንተርኔቱን በየመተግበሪያው እየከፋፈሉ ከሸጡ ግን ገለልተኝነት አልመጣም።

መርሁ ፍጹም ልቅነት አይደለም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለኔትወርክ ደህንነት፣ ለከባድ መጨናነቅና ሕግን ለማክበር ሲባል ጣልቃ መግባትን ይፈቅዳል፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ግን አይሁን ይላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ይደነግጋል። ሆኖም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። እሱ ሁሉንም እኩል ያጨለመ ስለነበር ከገለልተኝነት ጥያቄም ያልፋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የሆነው ግን ቁልጭ ያለ ማማረጥ ነበር፦ ሌላው ገጽ እየሠራ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ታገዱ። ቪፒኤን (እገዳን የሚያሻግር መተግበሪያ) የጫነ ገባ፤ ያልቻለው ከሰው የሰማውን ይዞ ቀረ።