እርጥብ ግድግዳና «እንደፈለግሽ»

ሳሎኑ ሊቀባ ነው። ባል ክሬም ይላል፣ ሚስት ሰማያዊ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ባል «በቃ፣ እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ቀለሙ ተቀብቶ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን «እኔ የለሁበትም፣ የእሷ ምርጫ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ከቁጥር 33 ጀምሮ ስለ ቤት ግድግዳ ሕግ አለ፤ ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲወጣ ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ከዚያ 7 ቀን ይዘጋል። ምልክቱ ከሰፋ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፣ ውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፣ ሌላ ድንጋይ ይገባል። ምርጊቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጥሩ ቀለም ቀቢም ከዚህ የተለየ አይነግራችሁም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በሚጣበቅ ፕላስተር (ቴፕ) አሽጋችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። ጠብታው በፕላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ጣሪያ ወይም ከመሬት የሚወጣ ውኃ ፈልጉ። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የጎደለው አየር ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ከወጣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ በውኃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ይገባና ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ትቶ የዘይት ቀለም የሚደርብ ሰው ውኃውን ውስጥ ይዘጋበታል፤ መውጫ ያጣው እርጥበት ቀለሙን ይነፋዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል።

«እንደፈለግሽ» እንዲህ ያለ ቀለም ነው። ምናልባት ባልየው የፈራው ወጪውን ነው፤ ሚስትየዋም ሰማያዊ ላይ የጸናችው እዚያ ቤት ውስጥ እሷ የመረጠችው አንድም ዕቃ ስለሌለ ይሆናል። «የትኛው ቀለም?» ከማለት በፊት «ምን አሳስቦህ ነው?»፣ «ምን ብታይበት ደስ ይልሻል?» ተባባሉ። በቁጣ ሰዓት ካልሆነላችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ካህኑም 7 ቀን ጠብቋል።

ወጪው ከሆነ ያስጨነቀው፣ ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል እንዳለው፣ ሁለታችሁም አንድ ወረቀት ላይ አስሉ። 4 በ4 የሆነ፣ ከፍታው 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 44.8 ካሬ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 41 ገደማ ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 82 ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በደንብ በተዘጋጀ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን፣ 8 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ ከሒሳቡ ይበልጣል።

ቀለሙን ከካታሎግ አትምረጡ። የሁለታችሁንም ምርጫ ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለት እጅ ቀቡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ እዩት። ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል፤ ነጭ አምፖል ክሬሙን ያገረጣዋል።

ሁለቱን ቀላቅሎ ማንም ያልወደደውን መቀባት ግን አይመከርም። በዘፍጥረት 13 እረኞቹ ሲጣሉ አብርሃም የከብቱን መሰማሪያ ለሁለት አልሸነሸነም፤ ታላቅ እያለ፣ ተስፋውም የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ሎጥን አስቀድሞ አስመረጠው። እናንተም ግድግዳውን ለአንዱ፣ መጋረጃውንና ምንጣፉን ለሌላው ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። መጀመሪያ የሚመርጠው በቤቱ ውስጥ ድምፁ እምብዛም የማይሰማው ይሁን። የለቀቀው ሰውም ብሩሽ ይዞ አብሮ ይቀባ።

በዚህ መልክ የማይደራደሩበት አንድ ስፍራ አለ፤ የጸሎት ቦታ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወደ ምሥራቅ ስለምንጸልይ፣ ቴሌቪዥኑ ምሥራቁን ግድግዳ ይዞ ከሆነ የሚነሣው እሱ ነው፤ ገመድ ይረዝማል። ሥዕለ አድኅኖው ከሚሰቀልበት ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ሊታጠብ የሚችል ቀለም ቀቡ፣ የጧፍና የዕጣን ጥላሸት ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተቀመጠ አይለቅም። ጧፉንም ከመጋረጃው ራቅ አድርጋችሁ፣ አሸዋ ባለበት ሳህን ላይ አቁሙት።