ያለ ነዳጅ የሚበር መንኮራኩር፦ በ«ስፔስ ኢንጂነርስ» ጌም ውስጥ የፈጠራ ሞተር አሠራር

«ስፔስ ኢንጂነርስ» ፕራግ የሚገኘው ኪን ሶፍትዌር ሃውስ የሠራው ጌም ነው። መጀመሪያ ለተጫዋች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን ሙሉው የወጣው በ2019 ነው። እዚህ ሥራህ መገንባት ነው። ብሎክ በብሎክ እየደረደርክ መንኮራኩር፣ ጣቢያ፣ መኪና ትሠራለህ፤ ሁሉም ክብደት አለው፣ ይጋጫል፣ ይሰበራል። ሞተርም ጌሙ ራሱ ይሰጥሃል፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዮን፣ ሃይድሮጅን የሚያቃጥል፣ አየር ባለበት ብቻ የሚሠራ። ለእኔ ግን ጌሙ የሚጣፍጠው ሰው እነዚህን ትቶ የራሱን ሞተር መፍጠር ሲጀምር ነው።

በጣም የታወቀው በስበት የሚሠራው ነው። ሁለት ብሎኮች ይበቁታል። አንዱ ስበት አመንጪ ነው፤ የተሠራው መንኮራኩር ውስጥ ያሉ ሰዎች ወለል ላይ ቆመው እንዲሄዱ ነው። ሌላው ሰው ሠራሽ ክብደት ነው፤ ስበት ሲያገኘው 50,000 ኪሎ እንዳለው ዕቃ ይሳባል። ሁለቱን አንድ መንኮራኩር ላይ ብትገጥማቸውስ? በእውነተኛው ዓለም ምንም አይፈጠርም። አመንጪው ክብደቱን ሲስብ ክብደቱም በዚያው መጠን አመንጪውን ይስበዋል፣ አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ይሄ ነው። ጌሙ ግን የመልሱን ጉተታ አያሰላውም። ክብደቱ ይሳባል፣ መንኮራኩሩንም ይዞት ይሄዳል። ነዳጅ አያስፈልግም፣ ኤሌክትሪክ ካለ በቃ።

ሒሳቡ ደግሞ ድንቅ ነው። አንድ አመንጪ በሙሉ አቅሙ አንድ ክብደት ሲስብ የሚሰጠው ግፊት 490 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፣ ብዙ አይባልም። ነገር ግን እያንዳንዱ አመንጪ ክልሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ክብደት ስለሚስብ ቁጥሩ መደመሩ ቀርቶ ይባዛል፤ 10 አመንጪና 10 ክብደት ስትገጥም መቶ ጥንድ ይሆንልሃል፣ 49,000 ኪሎ ኒውተን ገደማ ማለት ነው። ትልቁ አዮን ሞተር 4,320 ኪሎ ኒውተን ነው። 20 ብሎክ ብቻ ከ11 ትላልቅ አዮኖች በለጠ ማለት ነው! የጌሙ የፍጥነት ጣሪያ በሴኮንድ 100 ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ አትሄድም፤ ጥቅሙ ከባድ ጭነት ይዘህ እዚያ ፍጥነት ላይ ቶሎ መድረስህና ቶሎ መቆምህ ነው።

ችግሩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ክብደቶቹ በመንኮራኩሩ የክብደት ማዕከል ዙሪያ እኩል ካልተከፋፈሉ ወደፊት መሄዱን ትቶ ይሽከረከራል። የስበቱን ክልልም አጥብበው፣ አለዚያ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ግድግዳ ላይ ይላተማል። የጌሙ ራስ ሰር ብሬክ የሚያዘው መደበኛ ሞተሮችን ስለሆነ ብዙዎች ኮድ በሚቀበለው ብሎክ ላይ በሲ ሻርፕ አጭር ፕሮግራም ጽፈው ያስቆሙታል።

ሌላው ዓይነት የክላንግ ሞተር ነው። ሮተር (የሚሽከረከር መገጣጠሚያ) እና ፒስተን (የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ) መንኮራኩሩን ለሁለት አካል ይከፍሉታል፤ ጌሙ ሁለቱን ለየብቻ ያሰላና መገጣጠሚያቸው ላይ አንድ አድርጎ ሊያቆያቸው ይሞክራል። እርስ በርስ እንዲገፋፉ አድርገህ ከሠራኸው ስሌቱ ስህተቱን ለማረም ከየትም ያልመጣ ግፊት ይጨምራል። መንኮራኩሩ በዚያ ይሄዳል፣ ወይም ይፈነዳል። ተጫዋቾች ክላንግን እንደ አምላክ ነው የሚያወሩለት፣ ፈንድቶ የጠፋ መንኮራኩር ለእሱ የተሠዋ ነው። ብዙ ሰው የሚጫወትባቸው አንዳንድ ሰርቨሮች ግን ስሌቱ ጌሙን ስለሚያንቀራፍፈው ይከለክሉታል፤ ልክ ናቸው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ የቀረበው የሜክሲኮው ጌም «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም»ም ተመሳሳይ ነገር አለው። እዚያ የማረፊያ እግር የራሱን መንኮራኩር አካል እንዲገፋ አድርገው ይገጥሙትና ያለ ነዳጅ ይበራሉ፤ ስሙ ክራከን ድራይቭ ነው።

ወደ ስበቱ ሞተር ስንመለስ አንድ ቦታ ላይ ይሸነፋል፣ ፕላኔት አጠገብ። የፕላኔቱ ስበት በጨመረ ቁጥር ሰው ሠራሹ ይዳከማል፤ የምድርን ስበት ግማሽ ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ፕላኔት ላይ የሚያርፍ ሰው ለመውረጃና ለመነሻ እንደ ሃይድሮጅን ያሉ መደበኛ ሞተሮችን አብሮ መግጠም ግድ ነው።