የደላንታ ኦፓል፦ አፈጣጠሩ፣ ጠባዩና አያያዙ

የወሎ ወይም የደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣው በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና ከተማ ዙሪያ ካሉ ገደሎች ነው። የዓለም ገበያ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከመንዝ፣ ከመዘዞ አካባቢ የሚወጣው ቡናማና ብርቱካንማ ድንጋይ ነበር፤ እሱ ግን መሰንጠቅ ስለሚያበዛ ስሙ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከጋሸና አቅራቢያ በተፈጥሮው የጠቆረ ኦፓል ተገኘ።

ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ ነው። ከዚያው ከሲሊካ እንደተሠራው ማዕድን እንደ ኳርትዝ በወጉ የተደራጀ ክሪስታል ስላልሆነ የዘርፉ ሰዎች ማዕድን ከማለት ይልቅ ማዕድን መሰል ይሉታል። በውስጡ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ስፋት ያላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ተደርድረዋል፤ ድንጋዩ ሲዟዟር የሚፈራረቀው ቀለም የሚመነጨው ብርሃን በዚህ ድርድር ውስጥ ሲበተን ነው። ቀዩ ትልልቅ ቅንጣቶችን ስለሚፈልግ ከሰማያዊው ይልቅ ብርቅ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል።

አፈጣጠሩ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከተከመረው የእሳተ ገሞራ አመድ ይጀምራል። በአመዱ ውስጥ የሰረገው ውሃ ሲሊካ እያሟሟ ወረደ፤ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንጣፍ ሲገጥመው እዚያው ተጠራቅሞ ክፍተቶቹን ሞላ። በዚህ ምክንያት ኦፓል ያለበት ንብርብር ውፍረቱ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ገደሉን ይዞ ሩቅ ይሄዳል። ቆፋሪዎች ንብርብሩን ተከትለው ወደ ጎን ዋሻ ይገባሉ። ጣሪያው የተበላሸ አመድ፣ ወለሉ ሸክላ ሆኖ ድጋፍ እንጨት ከሌለ ዝናብ ሲጥል መናዱ የማይቀር ነው፤ በደላንታ የሰው ሕይወት ያለፈውም እንዲህ ባለ ናዳ ነው።

ደላንታን ከአውስትራሊያ ኦፓል የሚለየው ውሃ መጠጣቱ ነው። የውስጡ ቀዳዳ ብዙ ስለሆነ ጥግግቱ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.74 እስከ 1.89 እጥፍ ነው፤ የአውስትራሊያው 2.1 አካባቢ ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ እየጠፋ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ነክሮ መመዘን የታወቀ ማጭበርበሪያ የሆነውም ለዚህ ነው፦ አንዳንዱ ድንጋይ ከ10 በመቶ በላይ ክብደት ይጨምራል። በካራት፣ ማለትም በከበረ ድንጋይ የክብደት መለኪያ የሚገዛ ሰው በጣም የጠራና ንክኪው ቀዝቀዝ ያለ ድንጋይ ሲቀርብለት ቢያንስ ጥቂት ቀን አስቀምጦ እንደገና ይመዝን።

ውሃ የገባበት ቀዳዳ ቀለምም ያስገባል። ሐምራዊና ደማቅ ሰማያዊ ሆነው የሚሸጡት በአብዛኛው የተነከሩ ናቸው፤ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በነካ ጥጥ ሲታሹ ጥጡን ካቀለሙት ነገሩ ታወቀ። ድንጋዩን ለማጥቆር ሁለት መንገድ አለ፦ በጭስ ማጠን፣ ወይም በስኳር ውሃ ነክሮ ስኳሩን በሰልፈሪክ አሲድ ማክሰል። ጭሱ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ገጽ አያልፍም፤ ድንጋዩ እንደገና ሲሞረድ ከሥሩ ነጣ ያለው ይወጣል። ጥቁር ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም፣ የጋሸናው አለና።

አንጥረኛው የሚቸገረው የመሞረጃው መኪና በሚያፈሰው ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ሲረጥብ የሚያምረው ገጽ የቱ እንደሆነ አይታይም። ስለዚህ ደረቅ ሳለ አይቶ ምልክት ማድረግ ይቀድማል። ለመሞረድ እንዲያመች ከእንጨት እጀታ ጋር ሲያያዝም የጋለ ሰም ሊሰነጥቀው ስለሚችል በቀዝቃዛ ማጣበቂያ ቢሠራ ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ማድረቂያው ፀሐይ ወይም አምፖል ሳይሆን ጥላ ነው፤ ወፍራሙ ድንጋይ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጭረትን የመቋቋም ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ይጭረዋል፤ መውደቅን ግን ከሚገመተው በላይ ይችላል፣ በአንድ ሙከራ ከ1.5 ሜትር ከፍታ በኮንክሪት ላይ ደጋግመው ቢጥሉት አልተጎዳም። ቀለበቱን ያደረገች ሰው ዕቃ ስታጥብ ብታወልቀው፣ ከሽቶና ከዘይትም ብታርቀው ይበጃታል፤ ውሃው ደርቆ ይወጣል፣ ዘይት የገባበት ግን እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።